ሦስት ፊደል፣ ብዙ ትርጕም፤ ስለ እንግሊዝኛዋ «ረን» የቀረበ አጭር ጥናት

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል አንዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ፣ እጁ ወደ መዝገበ ቃላት የሚዘረጋው መቼ እንደ ሆነ ልብ ብለን ብንመለከት፣ ረጅምና እንግዳ የሆነ ቃል ሲያጋጥመው ብቻ መሆኑን እናገኛለን። ቃሉ አጭርና የታወቀ የሆነ እንደ ሆነ ግን «ይህንንማ ገና በልጅነቴ ዐውቄዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን አንባቢውን አዘውትሮ የሚጥለው ያ ረጅሙ ቃል ሳይሆን ይህ ንቆ ያለፈው አጭሩ ነው። ረጅሙ ቃል እንግዳ ስለ ሆነ ያስጠነቅቃል፤ አጭሩ ግን ወዳጅ መስሎ ቀርቦ ያሳስታል።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ የትምህርታችን መስጫ እንደ መሆኑ መጠን፣ የዚህ ስሕተት ዋጋ ቀላል አይደለም። ሕግ የሚያጠናው የፍርድን ቃል፣ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው የገበያን ጠባይ፣ ሕክምና የሚያጠናው የበሽታን አካሄድ የሚማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከአጫጭሮቹ ቃላት አንዷን መርጠን፣ ከየት እንደ መጣች፣ ወዴት ወዴት እንደ ተዘረጋች፣ እኛም እንዴት ብንይዛት እንደሚሻል በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት ዐስበናል። የመረጥናት ቃል በእንግሊዝኛ አር፣ ዩ እና ኤን በተባሉት ሦስት ፊደላት የምትጻፈው «ረን» ናት። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ «ዓመተ ምሕረት» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የትርጕሟ ብዛት

«ረን» ማለት ምን ማለት ነው? ተብለን ብንጠየቅ፣ ሁላችንም ሳናመነታ «ሮጠ» ብለን እንመልሳለን። መልሱ እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በክፍል በክፍል መታተም የጀመረው በ1884 ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም የተፈጸመው በ1928 ነው። በ1989 በ20 ቅጽ በወጣው በሁለተኛው እትም ውስጥ ከሁሉ የረዘመውን ስፍራ ይዛ የተገኘችው «አስቀመጠ»፣ «አዘጋጀ» እየተባለች የምትተረጐመው «ሴት» ነበረች፤ ይህችውም ከእኛዋ «ሴት» ጋር በድምፅ እንጂ በሌላ ነገር አትዛመድም። ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ መዝገቡን እንደ ገና ሲያድሱ «ረን» ቀድማ ተገኘች። በ2011 እንደ ተገለጸው፣ ለግሧ ብቻ 645 የተለያየ ትርጕም ተቈጥሮላታል።

ይህን ቍጥር የሰማ ተማሪ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በቀን አንድ አንድ ትርጕም ቢያጠና እንኳ ሁሉንም ለመጨረስ ከአንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር በላይ ይፈጅበታል፤ ይህም ለአንዲት ቃል ብቻ ነው! ነገር ግን እንዲህ መድከም አያስፈልግም። የአንድ ቃል ትርጕሞች በመንገድ ዳር እንደ ተበተነ ጠጠር የተለያዩ አይደሉም፤ ከአንድ ግንድ እንደ በቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ግንዱን ያወቀ ሰው፣ አይቶት የማያውቀውን ቅርንጫፍ እንኳ ከየት እንደ በቀለ ሊገምት ይችላል።

ግንዱና ቅርንጫፎቹ

«ረን» ከጥንታዊት እንግሊዝኛና ከስካንዲናቪያ ሰዎች የጥንት ቋንቋ የወረደች ስትሆን፣ በጀርመንኛም ዘመዶች አሏት። ከነዚህ ዘመዶቿ አንዱ «ሬነን» የእግርን ሩጫ፣ ሁለተኛው «ሪነን» የውሃን መፍሰስ ያመለክታል። ስለዚህ ቃሏ ከጥንት ጀምሮ የእግርም የውሃም ናት። ሁለቱን ያገናኛቸው ነገር ምንድን ነው? ያልን እንደ ሆነ፣ ሳይቋረጡ ወደ ፊት መቀጠል ነው እንላለን። የሚሮጥ ሰውና የሚፈስስ ወንዝ በዚህ ነገር አንድ ናቸው። ይህን ሐሳብ እንደ ግንድ አድርገን ብንይዝ፣ አምስት ታላላቅ ቅርንጫፎች ይታዩናል።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የእግር ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓመተ ምሕረት በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ እንግሊዛዊው «ረን» ያለውን እኛ «ሮጠ» አልን፤ በዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ፍጹም ይስማማሉ። መሸሽና ከቤት መኰብለልም ከዚሁ ቅርንጫፍ ይበቅላሉ። ለምርጫ መወዳደርም እንደዚሁ ነው፤ ሆኖም በዚህ ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። አሜሪካዊው ዕጩ ለምርጫ «ይሮጣል»፤ የብሪታንያው ዕጩ ግን ለምርጫ «ይቆማል»። አንዱ ሮጦ፣ ሌላው ቆሞ፣ ሁለቱም የሚፈልጉት ወንበር ነው።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ የውሃ ነው። ወንዝ፣ ቧንቧ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ፣ ሁሉም ሲፈስሱ «ረን» ይባልላቸዋል። ሲታጠብ ቀለሙን የሚለቅ ጨርቅና ውሃ ነክቶት የተበላሸ የብዕር ጽሑፍም እንደዚሁ ናቸው። «ረኒንግ ዎተር» ያለው ቤት ይከራያል የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው፣ በግቢው ውስጥ ወንዝ የሚያልፍ አይምሰለው፤ ቤቱ የቧንቧ ውሃ አለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ቅርንጫፍ የመንገድ ነው። መርከብ፣ ባቡርና አውቶቡስ በተወሰነ መስመር ሲመላለሱ በዚችው ቃል ይነገርላቸዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ የሚመላለሰው ባቡር ብቻ ሳይሆን ተኝቶ የሚገኘው ሐዲድ ራሱ መሮጡ ነው፤ እንግሊዛዊ «ሐዲዱ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ይሮጣል» ይላል። ሐዲዱ ከተነጠፈበት ስፍራ አይነቃነቅም፤ የሚሮጠው የተመልካቹ ዐይን ነው። እኛም ብንሆን «ይህ መንገድ ወደ ጎንደር ይወስዳል» ስንል፣ የማይንቀሳቀሰውን መንገድ መሪ ማድረጋችን ነው።

አራተኛው ቅርንጫፍ የመሣሪያና የአስተዳደር ነው። ሞተር «ረን» ካደረገ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ በኮምፒዩተርም ላይ ፕሮግራም ይሮጣል። መሣሪያን እንደሚያስኬዱ ሁሉ ድርጅትንም ያስኬዳሉና፣ ሱቅን፣ ትምህርት ቤትን፣ ማኅበርን ማስተዳደር ሁሉ በዚችው ቃል ተጠራ። በዚህ ስፍራ አማርኛ የመረጠው «ሮጠ»ን ሳይሆን «ሄደ»ን ነው። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሥራው ይሄዳል፣ ስብሰባ ተካሄደ፣ ምርምር አካሄዱ እንላለን። እንግሊዞች የሚያስሮጡትን እኛ እናስኬዳለን ማለት ነው፤ ሐሳቡ አንድ ሲሆን ፍጥነቱ ብቻ የተለየ ነው።

አምስተኛው ቅርንጫፍ የጊዜ ነው። አንድ ቴአትር ሁለት ወር «ረን» ካደረገ ሁለት ወር ሙሉ ታየ ማለት ነው፤ አንድ ውል አምስት ዓመት ከሮጠ እስከዚያ ድረስ ይጸናል ማለት ነው፤ ሦስት ቀን «ረኒንግ» ዘነበ ቢባልም ሦስት ቀን በተከታታይ ማለት ነው። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጠባይ በቤተ ሰቡ ውስጥ ይሮጣል ይባላል። «ኢን ዘ ሎንግ ረን» የሚለውንም አባባል «በረጅሙ ሩጫ» ብሎ መተርጐም አይገባም፤ አባቶቻችን «ውሎ አድሮ» ሲሉ ያንኑ ሐሳብ ባማረ ቃል ተናግረውታል።

ከኋላዋ የምትከተለው ትንሽ ቃል

«ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ» እንደሚባለው፣ የ«ረን»ም ማንነት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከኋላዋ በምትከተለው ትንሽ ቃል ነው። ጥቂቶቹን እንመልከት።

«ረን አውት ኦፍ» ማለት አለቀበት ማለት ነው። እዚህ ላይ የሁለቱ ቋንቋዎች ሰዋስው ፊትና ኋላ ይሆናል። እኛ «ስኳር አለቀብን» ስንል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ስኳሩ ነው፤ እኛ ግን ጉዳቱ የደረሰብን ሆነን በግሡ መጨረሻ ላይ እንገኛለን። በእንግሊዝኛው ባለቤቶቹ እኛው ነን፤ ከስኳር ሮጠን የወጣን እንመስላለን። «ኦፍ» የቀረች እንደ ሆነ ግን ስኳሩ ራሱ ባለቤት ይሆናል። እንግዲህ ይህን ዐረፍተ ነገር የሚያበላሽ ተማሪ ቃሉን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን፣ ባለቤቱን በአማርኛው ስፍራ ስላስቀመጠው ነው።

«ረን ኢንቱ» ሁለት ፊት አላት። ከሰው ጋር ስትነገር ሳያስቡት መገናኘት ናት፤ ከግንብ ጋር ስትነገር መጋጨት ናት። «ረን ኦቨር» ለመኪና ሲነገር ሰው ዳጠ ማለት ነው፤ ለስብሰባ ሲነገር ከተወሰነለት ሰዓት አለፈ ማለት ነው፤ ለተማሪ ሲነገር ደግሞ ማስታወሻውን ከፈተና በፊት ፈጠን ብሎ ከለሰ ማለት ነው። «ረን ዳውን» ስለ ባትሪ ሲነገር ኀይሉ አለቀ፣ በሰው ላይ ሲነገር ስሙን አጣጣለ፣ ለቤት ሲቀጸል ደግሞ ያረጀና የተጐሳቈለ ማለት ነው። «ረን ኦፍ» ሮጦ አመለጠ ማለት ሲሆን፣ በማባዣ መሣሪያ ብዙ ቅጂ አወጣ ማለትም ነው። አንባቢ በእጁ የያዘው ይህ መጽሔት ራሱ በዚህ ቃል የሚጠራ ሥራ ውጤት ነው።

አማርኛ ይህን ሥራ የሚሠራው በሌላ ዘዴ ነው። ከግሡ በኋላ ትንሽ ቃል በማስከተል ፈንታ ግሡን ራሱን ከውስጥ ይለውጠዋል፤ ሮጠ፣ አስሮጠ፣ ተሯሯጠ፣ አሯሯጠ ይላል። «ተሯሯጠ» የሚለው ቃል በእግር መሮጥ ሳይኖር ወዲያና ወዲህ ብሎ ጉዳይ ለማስፈጸም መድከምንም ያመለክታል። ከዚህ ዓለም በሞት የተለየውንም ሰው «የምድር ሩጫውን ጨረሰ» እንለዋለን። እንግዲህ የእኛውም ግሥ በእግር ብቻ ተወስኖ አልቀረም።

በየትምህርቱ ክፍል

እስከዚህ ድረስ ያየነው በዕለት ንግግር የሚያጋጥመውን ነው። በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ግን ቃሏ የተወሰነ የሙያ ትርጕም ይዛ ትመጣለች፤ በዚያም ጊዜ ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል።

በሕግ ትምህርት፣ አንድ ሰው በሁለት ወንጀል ተከሶ በአንዱ 5 ዓመት፣ በሌላው 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት እንበል። የእንግሊዝኛው ፍርድ ሁለቱ ቅጣቶች «ጎን ለጎን ይሮጣሉ» ያለ እንደ ሆነ፣ ሦስቱ ዓመት በአምስቱ ውስጥ ስለሚቈጠር ቅጣቱ በጠቅላላው 5 ዓመት ነው። «ተከታትለው ይሮጣሉ» ያለ እንደ ሆነ ግን 8 ዓመት ይሆናል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መሮጥ ማለት መቈጠር መሆኑን ያልተረዳ አንባቢ፣ የሰውን የሦስት ዓመት ነጻነት አንብቦ ሳያስተውለው ያልፋል።

በኢኮኖሚክስ «ሾርት ረን» እና «ሎንግ ረን» የሚባሉ ሁለት ጊዜያት አሉ። ስማቸውን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያው ጥቂት ወራት፣ ሁለተኛው ብዙ ዓመታት ይመስለዋል። ነገር ግን መለያቸው የዘመን መቍጠሪያ አይደለም። አንድ አምራች ለሥራው ከሚያውላቸው ነገሮች ቢያንስ አንዱን፣ ለምሳሌ የፋብሪካውን ሕንፃ፣ ለመለወጥ የማይችልበት ጊዜ «ሾርት ረን» ነው፤ ሁሉንም ለመለወጥ የሚችልበት ጊዜ «ሎንግ ረን» ነው። በጀበና ቡና አፍልታ ለምትሸጥ ሴት ይህ ጊዜ ጥቂት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ግን ብዙ ዓመት ነው። ስለዚህ ቀደም ብለን ያመሰገንነው «ውሎ አድሮ» በዚህ ስፍራ አይበቃም፤ በዕለት ንግግር የሠራ ትርጕም በሙያ መጽሐፍ ውስጥ ሊያሳስት ይችላል።

በዚያው ትምህርት የባንክ «ረን» የሚባል ነገር አለ። ገንዘብ ያስቀመጡ ሰዎች ባንኩ ይወድቃል ብለው ፈርተው፣ ገንዘባቸውን ባንድ ጊዜ ለማውጣት ሲጎርፉ ማለት ነው። በ2007 በብሪታንያ ኖርዘርን ሮክ በተባለው ባንክ በሮች ላይ የታየው ረጅም ሰልፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሰዎቹ ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ነገሩ ግን «ረን» ተብሏል።

በስታቲስቲክስ ደግሞ ሳይቋረጥ የተከታተለ ተመሳሳይ ውጤት «ረን» ይባላል። ሳንቲም ስድስት ጊዜ ብንወረውርና አንበሳ፣ አንበሳ፣ ሰው፣ ሰው፣ ሰው፣ አንበሳ ቢወጣ፣ ውጤቱ ሦስት «ረን» አለው፤ ሁለት አንበሳ፣ ሦስት ሰው፣ አንድ አንበሳ ማለት ነው። እንግሊዞች በሚወዱት በክሪኬት ጨዋታም የነጥብ ስም «ረን» ነው። ነጥቡ የሚቈጠረው ሁለቱ ተጫዋቾች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሮጠው ሲለዋወጡ ነው፤ ነገር ግን የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ የሜዳውን ወሰን ያለፈች እንደ ሆነ፣ ማንም ሳይሮጥ ስድስት «ረን» ይቈጠራል! ሙያ ቃልን እንዲህ አድርጎ ከመነሻው ያርቀዋል።

የእኛዋ «በላ»

ይህን ሁሉ ያነበበ ወንድማችን ወይም እኅታችን «እንዴት ያለ የተመሰቃቀለ ቋንቋ ነው!» ሳይል አይቀርም። ከመፍረዳችን በፊት ግን ራሳችንን እንመልከት። አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ሰው፣ «በላ» ማለት ምግብን አኝኮ መዋጥ መሆኑን ተምሮ ወደ ከተማ ወጣ እንበል። ዝገት ብረቱን በላው ሲባል ይሰማል። ገንዘብ ያዡ የዕድሩን ገንዘብ በላ ይባላል። ይህ መኪና ቤንዚን ይበላል፤ ያ ሥራ ጊዜ ይበላል፤ ቃል የሰጠው ሰው ቃሉን በላ፤ ቤቱን እሳት በላው። በመጨረሻም አንድ ልጅ «ጀርባዬን በላኝ» እያለ ሲያክክ ቢያይ፣ ያ እንግዳ የበላውን አውሬ ለመፈለግ ወደ ልጁ ጀርባ መዞሩ አይቀርም።

አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው እነዚህን ሁሉ ከመዝገበ ቃላት አላጠናቸውም። እያንዳንዳቸውን በየዐረፍተ ነገሩ ውስጥ፣ ከዝገትና ከቤንዚን፣ ከእሳትና ከገንዘብ ጋር ሆነው ሲነገሩ እየሰማ ዐወቃቸው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ በ1940ዎቹ ዓመታት እንዳሳየው፣ አንድ ቃል በንግግር ውስጥ በተደጋገመ መጠን ትርጕሙም የመብዛት ጠባይ አለው። በየማዕድ ቤቱ ያለው ቢላዋ ሽንኩርትም ሥጋም ገመድም እንደሚቈርጥ፣ በየሰው አፍ ያለ ቃልም ለብዙ አገልግሎት ይውላል። ብዙ ትርጕም የቃል ነውር ሳይሆን የማገልገሉ ምልክት ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

«ረን» ባጋጠመችን ቍጥር ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሚሮጠው ማን ነው? ሰው ነው፣ ፈሳሽ ነው፣ መንገድ ነው፣ መሣሪያ ነው፣ ወይስ ጊዜ? አምስቱ ቅርንጫፎች በዚህ ይለያሉ። ሁለተኛ፣ ግሧ ተሳቢ አላትን? ሦስተኛ፣ ከኋላዋ የምትከተለው ትንሽ ቃል ማን ናት?

ይህንም በምሳሌ ለማስረዳት፣ «ሺ ረንስ ቱ ዘ ስኩል» እና «ሺ ረንስ ዘ ስኩል» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እናስተያይ። በሁለቱም የምትሮጠው አንዲት ሴት ናት፤ በሁለቱም ትምህርት ቤት ተጠቅሷል። የመጀመሪያይቱ ግን «ቱ» ስላለቻት ወደ ትምህርት ቤቱ ትሮጣለች፤ ሁለተኛይቱ ትምህርት ቤቱን ተሳቢ ስላደረገችው ታስተዳድረዋለች። አንዷ የረፈደባት ተማሪ፣ ሌላዋ ዲሬክተር ልትሆን ትችላለች፤ በመካከላቸው ያለችው ሁለት ፊደል ያላት «ቱ» ብቻ ናት።

ለዚህ ሥራ የሚረዱ መጻሕፍትም አሉን። በ1973 ሁለት የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ታትመዋል፤ አንዱ የአምሳሉ አክሊሉና የጂ. ፒ. ሞስባክ፣ ሌላው የቮልፍ ሌስላው ነው። የሌስላው መጽሐፍ ቃሉን ለብቻው ከመተርጐም ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ስለሚተረጕም፣ እንደ «ረን» ላለችው ቃል እጅግ ይጠቅማል። እኛም ማስታወሻ ደብተራችንን በዚህ ዐይነት ብናዘጋጅ፣ ይኸውም በግራ አንድ ቃል በቀኝ አንድ ትርጕም መጻፉን ትተን ሙሉ ዐረፍተ ነገሩን ብንገለብጥ፣ አጭሩ ቃል ወዳጅ መስሎ ከማሳሳት ፈንታ እውነተኛ ወዳጅ ይሆነናል።

በዚህ ጽሑፍ ያቀረብነው ከ645ቱ ትርጕም ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረውን አንባቢ በሦስቱ ጥያቄዎች እየመረመረ ያገኘዋል። «ጌት»፣ «ቴክ» እና ያችው «ሴት» የተባሉትም ቃላት እንደዚሁ ተመርምረው ሊቀርቡ ይገባቸዋልና፣ ከጓደኞቻችን መካከል አንዳቸው ብዕራቸውን አንሥተው በሚቀጥለው ዕትም ቢጽፉልን ደስታችን ታላቅ ነው።